ያልታጠበው ድንጋይ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ጠዋት 3፡00

ድንጋዩ ሲሞቅ አድሯል። እኔን ሲበርደኝ። ከፉሪ ከቤቴ እስከዚህ ላቦራቶሪ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሜ ነው የመጣሁት። ረዳቱ ቦታ አለ ብሎ አስገባኝ፤ ቦታው ለካ የእሱ ብብት ሥር ኖሯል።

ደብተሬ፣ አዲስ ስለሆንክ ሥራዬን ልንገርህ። ያለፈው ደብተር ያውቅ ነበር፣ አንተ አታውቅም። ከሱሉልታ፣ ከባለቤቴ ከገመቹ አገር፣ ጥቁር ድንጋይ በጆንያ አምጥቻለሁ። ለሁለት ሰንጥቄዋለሁ። ሁለቱ ግማሾች ተገጣጥመው ብረት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኑ ይሞቃል። ላይኛው ግማሽ በታችኛው ላይ በዝግታ ይገፋል፣ በስንጥቁ መሀል ውሃ እሰዳለሁ፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚወጣውን እለካለሁ። መሬት ከሥር ስትንሸራተትና ስትሞቅ ውሃዋን ትለቃለች ወይስ ትይዛለች? የማስተርስ ጥናቴ በሙሉ ይኸው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ድንጋይ እገፋለሁ» እላለሁ። ያዝንልኛል።

በየግፊቱ ደረጃ ሳጥኑን እንከፍታለን። ድንጋዩን አወጣለሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ፊቱን ፎቶ አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ያሬድ፣ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ፣ ክርስትና ልታነሺው ነው ወይ ይለኛል። ይበል። የሰበታዋ እናቴ ልጅ ነኝ። እናቴን ጎረቤቶቿ ከሰል አጥባ ታቀጣጥላለች እያሉ ያሟታል።

ሙቀቱ ደርሷል። ልሂድ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ማታ

ሱሉልታ ውለን መጣን። የሣር አጨዳ ላይ ናቸው። አገሩ ሁሉ ሣር ሣር ይሸታል፣ ልብሴም፣ ፀጉሬም። ደስ ይላል።

አማቴን ላስተዋውቅህ። ኦቦ ደበላ። እኔ አባባ ነው የምላቸው። የመንደሩ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። እኔን ከልጃቸው አብልጠው ነው የሚወዱኝ፤ ገመቹም ያውቀዋል፣ ያኮርፋል።

የመንደሩ ጉድጓድ እየደከመ ነው። ለብ ያለ ውሃ ነበር የሚሰጠው፣ ታች ሙቀት ስላለ። ዘንድሮ ነጭ ጭቃ ያስላል፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም። ሴቶቹ ከወንዝ በአህያ መጫን ጀምረዋል። መንደሩ እንደምንም አዋጥቶ የቁፋሮ ማሽን አስፈቅዷል፣ በኅዳር መጨረሻ ይመጣል። አንድ ጉድጓድ ብቻ። ደረቅ ከሆነ ሌላ የለም።

ከምሳ በኋላ አባባ ወደ ቦረቦሩ ወሰዱኝ። አሮጌው ጉድጓድ እዚያው ጥጉ ላይ ነው። ድሮ መሬቱ የተቀደደበት መስመር ነው፤ ወዲያ ማዶው ከፍ፣ ወዲህኛው ዝቅ ብሎ ይታያል። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አዲሱንም እዚሁ፣ ከአሮጌው ጎን ሊያስቆፍሩ ነው። አባባ በሁሉም ፊት ዞር አሉና «እዚህ ነው አይደል፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ገና ነው፣ ሙከራዬ አላለቀም፣ ማለት ነበረብኝ። አማቴ ናቸው። ሰው ፊት ናቸው። ምራት ደግሞ አማቷን ሰው ፊት አትመልስም። «ጥሩ ይመስላል አባባ» አልኩ። ወዲያው በትሮቹ ተነሱ። ከሁሉ የሚበልጡት ኦቦ ጉታ በኦሮምኛ መረቁ፣ ለምለም ሣር ተነሰነሰ፣ ሁላችንም ሃ ተኡ፣ ይሁን፣ አልን። ችካል ተመታ። እኔም አብሬ ሃ ተኡ አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግን ብዙም አልከፋኝም። እስካሁን የለካሁት ወደዚያው ነው የሚያመራው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ። ከሰዓት 10፡00

ደስ ብሎኛል። በጣም።

ድንጋዩን በገፋሁት ቁጥር ውሃው ይጨምራል። ምክንያቱ ይገባኛል። የስንጥቁ ፊት ለስላሳ አይደለም፣ ጥርስ አለው። ሲገጣጠም ጥርስ በጥርስ መሀል ይገባል። ሲንሸራተት ጥርስ በጥርስ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ መሀሉ ይከፈታል፣ ውሃ መንገድ ያገኛል።

ሙቀቱ ግን ሁለት ልብ ነው። ውሃውን ያቀጥነዋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ማር እንደሚፈስ ማለት ነው። ድንጋዩን ደግሞ ያሳብጠዋል፣ መንገዱን ያጠብበታል። ይታገላሉ። ዛሬ ውሃው አሸነፈ።

ለገመቹ ደወልኩ። ቡራዩ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር፣ ሹክ ብሎ አነጋገረኝ። እሱ ለአባቱ፣ አባቱ ለመንደሩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱሉልታ ገባ። «መሬቷ በተቀደደችበት ነው ውሃው፣ ምራቴ በማሽን አይታዋለች» ብለዋል አሉ።

ድንጋዬን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ሸፈንኩት። ያሬድ ደህና እደር በይው አለኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሰበታ፣ እናቴ ቤት። ከጅማ መንገድ የሚመጣው የመኪና ድምፅ ሲቀንስ ጓሮው ውስጥ የወፍ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ማንቆርቆሪያዋን በሎሚ ታሻለች። የሰበታ ውሃ ሲፈላ ሆዱ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ሳምንት ካልታሸ ይወፍራል፣ ጡቱን ይደፍናል። እሷ ትቆጣዋለች፣ እንደ ሰው። እኔ ደግሞ በሷ ስስቅ ትቆጣኛለች።

ስለ ሱሉልታው ጉድጓድ ነገርኳት። አማትሽን እንዳታሳፍሪ አለች። ሌላ ምንም አላለች። እንጎቻ ጋግራ ይዤ እንድሄድ ጠቀለለችልኝ።

ደህና ቀን ነበር። ምንም አልሠራሁም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፡30

ተናድጃለሁ።

ዛሬ የሕንፃው ውሃ በፈረቃ ጠፍቷል። ለሙከራው የራሱ ታንከር አለ፣ ለማጠቢያ ግን ጠብታ የለም። ያሬድ አንድ ቀን ሳይታጠብ ቢገባ አይሞትም አለ። ድንጋዩን ዱቄት በዱቄት እንደሆነ መለስኩት። ግፊት ጀመርን። የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ጨመረ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ቀነሰ። የመጨረሻው ላይ የሚንጠባጠብ ብቻ ሆነ።

ቱቦው ተደፍኗል ብዬ ቱቦውን ፈታሁ። ንጹሕ ነው። ፓምፑን አየሁ። ደህና ነው። ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። ያሬድን ጠረጠርኩ። ያሬድ ምሳ በላ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ። ቀትር

ዛሬ ውሃ አለ። እኔ ግን ሆን ብዬ አላጠብኩም። ያው። ሁለተኛ ድንጋይ አስገባሁ፣ እሱንም አላጠብኩም። ያው ነው።

ገባኝ። ቁጭ አልኩ።

ጥርሶቹ ጥቂት ሲንሸራተቱ መንገድ ይከፍታሉ። ብዙ ሲንሸራተቱ ግን ይሰበራሉ፣ ይፈጫሉ፣ ዱቄት ይሆናሉ። ዱቄቱ መንገዱን ይዘጋል። እኔ ደግሞ ዱቄቱን በየደረጃው በብሩሽ እያጠብኩ ስጥል ከርሜአለሁ። ከመሬት በታች ብሩሽ ይዞ የሚዞር የለም። ጎበዝ ልጅ፣ የእናቷ ልጅ።

ሙቀቱም ያባብሰዋል። ዱቄቱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትቼው ነበር፣ ዛሬ ስነካው ግድግዳ ላይ እንደደረቀ ልስን ጠጥሯል። የእናቴ ማንቆርቆሪያ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ሱሉልታ ትዝ አለኝ። ቦረቦሩ መሬት ብዙ የተንሸራተተችበት ቦታ ነው። አሮጌው ጉድጓድ የሚያስለው ነጭ ጭቃ የተፈጨ ድንጋይ ነው። አዲሱንም እዚያው ሊቆፍሩት ነው። እኔ ነኝ ጥሩ ይመስላል ያልኩት። ተመርቆበታል።

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ። ማታ

ከገመቹ ጋር ገፈርሳ ሄድን። ባሕር ዛፎቹ መሀል ስንሄድ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ማጠቡ ሳወራ ሳቀ። ዛፍ ተደግፎ ነው የሳቀው። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ስለ አባቱ ሳወራ ግን ሳቁን ተወ።

ታዲያ የት ነው ውሃው አለኝ። ድንጋይ ልናመጣ የሄድን ጊዜ ያየሁትን አስታወስኩት። ከቦረቦሩ ሽቅብ፣ ከመስኩ በላይ ያለው የድንጋይ ማውጫ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። ጥቂት ተንሸራትቷል፣ ጥርሱ አልተሰበረም፣ ክፍት ነው። ከሥሩ ያለው የመስኩ ሣር ደግሞ ከአገሩ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። ውሃው እዚያ ነው፣ ወይም እዚያ ካልሆነ የትም የለም።

ገመቹ ቆመ። የአባቴ መስክ ነው እኮ አለ።

አውቃለሁ። እስከዚያች ደቂቃ ግን አላሰብኩበትም ነበር። የአባባ ላሞች በጋውን የሚያልፉት በዚያ መስክ ድርቆሽ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ነው። እና ያስቆፈረች ምራት ውሃውን ወደ አማቷ መሬት አዞረችው ሊባል ነው። እውነቱን ብናገርም ቅሌታም፣ ባልናገርም ቅሌታም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻው ላይ ተኛሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ደህና ነበርኩ፣ አብሮኝ ስለሆነ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ለዶክተሩ፣ ለአማካሪዬ፣ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ከወንበሩ ተነሳ። የታጠበውና ያልታጠበው ጎን ለጎን መሆኑ የጥናቱ ትልቁ ነገር ነው አለ፤ አንዱ ምዕራፍ ይሄ ይሁን አለ። ያሬድ ምዕራፉን «ንጽሕና» ብለሽ ሰይሚው አለኝ።

ለጥናት ወረቀቱ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። ወረቀቱ ግን ውሃ አይጠማውም።

ኅዳር 7፣ እሑድ። ማታ 2፡00

ብቻዬን ሄድኩ። ገመቹ ልምጣ አለ፣ እምቢ አልኩ። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ የደረስኩት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውሎ ሲመለስ ነው።

አባባ ድርቆሽ ሲከምሩ አገኘኋቸው። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። ስለ ላሞቹ ጠየቅሁ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ። መንሹን እንደያዙ አዩኝ። «ነገር አለሽ፣ ጣይው» አሉኝ።

ጣልኩት። ድንጋዩን፣ ጥርሱን፣ ዱቄቱን፣ ማጠቤን። ያን ዕለት ጥሩ ይመስላል ያልኩት ሳላውቅ መሆኑን። አንድም ቃል አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም አሉ። ሰው ፊት ስለጠየቁኝ ነው አልኳቸው፤ ይሉኝታ ያዘኝ።

«ሰው ፊት የጠየቅሁሽ ሰው ፊት እንድትመልሺልኝ ነው» አሉ።

ከዚያ የት ነው ታዲያ አሉ። በእጄ ሽቅብ አሳየሁ። መስኩን። አባባ ዞረው አዩት። በኦሮምኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አሉ፣ አልሰማሁትም። መንሹን ክምሩ ላይ ሰክተው የሚመጣው እሑድ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ራስሽ ንገሪያቸው አሉኝና ወደ ላሞቹ ሄዱ። ምሳ ላይም ብዙ አላወሩም። ሲሸኙኝ ግን እንደ ሁልጊዜው ወተት በጀሪካን አስያዙኝ።

ተከፍተውብኝ ይሆን? ከፋኝ። ወተቱን እንደታቀፍኩ ፉሪ ደረስኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ማታ

ተናገርኩ። እግዜር ይመስገን አለቀ።

አሮጌው ጉድጓድ አጠገብ ተሰበሰቡ። አባባ ከእኔ ጎን አልቆሙም፤ ማዶ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ። ዛሬ ምራቴ አይደለችም፣ ባለሙያ ናት፣ እንደ ባለሙያ ስሟት አሉ።

ድንጋይ ይዤ ሄጄ ነበር። ሁለቱን ግማሾች በከመነዳሪ ላስቲክ አስሬ ከላይ ውሃ አፈሰስኩ፤ ከታች ወጣ። ፈታሁት፣ እርስ በርሱ ደጋግሜ ፈጨሁት፣ ሳላጥብ መልሼ አሰርኩት። አፈሰስኩ። ጥቂት ነጭ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። ውሃው ከላይ ተኝቶ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን ተቀብለው አገላበጡ። ነጩን ጭቃ በጣታቸው ነኩና ወደ አሮጌው ጉድጓድ ተመለከቱ።

የት ይሁን ታዲያ ሲባል ሽቅብ አሳየሁ። አሁን ማጉረምረም ሆነ። ወ/ሮ አስካለ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው፣ ሰው የሚያስበውን ጮክ ብለው የሚናገሩ እሳቸው ናቸው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም» አሉ። ፊቴ ነደደ። ቢቀየሙኝም እውነታቸውን ነው፣ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እለው ነበር። በቦረቦሩ ቆፍረን ውሃ ከጠፋ ሁላችንም እናጣለን፣ ከመስኩ ከወጣ ሁላችንም እንቀዳለን፣ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም አልኩ። ድምፄ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እኔም ገረመኝ።

የምርቃቱ ነገር ተነሳ። የተመረቀ ቦታ እንዴት ይተዋል? ሁሉም ወደ ኦቦ ጉታ ዞረ። እሳቸውም እኛ የመረቅነው ውሃውን ነው፣ ችካሉን አይደለም፣ ውሃው ያለበትን ፈጣሪ ያውቃል አሉ። ሳቅ ሆነ። ተነፈስኩ።

መጨረሻው ግን መሬቱ ላይ ቀረ። የሰው መስክ ነው፣ ማን ይጠይቃል? ዓይን ሁሉ አባባ ላይ ሆነ። ሰምቻለሁ አሉ። ኮታቸውን አራግፈው ተነሱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገ ጾም ይገባል። ገመቹ የመጨረሻውን ዶሮ ወጥ አስቀምጦልኝ ነበር። እየበላሁ ሐሳቤ መስኩ ላይ ነበር። ወጡ ግን ጥሩ ነበር።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አባባ አልደወሉም። ሁልጊዜ ረቡዕ ይደውሉ ነበር፣ የላም ወሬ ይነግሩኛል። ስልኬን በየሰዓቱ አያለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ የማጥበው ድንጋይ እንኳ የለም።

ልደውል እላለሁ፣ መስክዎን ይስጡኝ ያልኩ ይመስልብኛል። ባልደውል ያኮረፍኩ ይመስላል። ገመቹ፣ አባቴን አውቃቸዋለሁ፣ ሲያስቡ ዝም ይላሉ፣ ተያቸው ይላል። ተውኳቸው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ማታ

ደብተሬ፣ አለቀስኩ። በደስታ ነው።

ገመቹን ዛሬ ማለዳ አባቱ ጠሩት፣ ፒንሳ ይዘህ ና ብለው። አመሻሽ ላይ ሲመለስ መዳፉ ሁሉ ተቧጥጦ፣ ጫማው ጭቃ። የመስኩን አጥር ሲነቅሉ ውለዋል። አባባ ማንንም አላስጠየቁም፣ ማንም ሳይለምናቸው ሽቦውን ከላይኛው ማዕዘን መፍታት ጀመሩ። ጎረቤት መጣ። ኦቦ ጉታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዘዙ። ቀትር ላይ ወ/ሮ አስካለ ለሠራተኞቹ የጾም ምሳ ይዘው መጡ፤ ምንም አላሉም፣ ሽሮውን አስቀምጠው እሳቸውም ችካል ነቀሉ።

አባባ መሬቱን ለኮሚቴው ሰጥተዋል፤ ጉድጓዱ የሚያርፍበትን ብቻ አይደለም፣ እስከ መንገዱ ድረስ፣ ሰውና አህያ የሚያልፍበትን ጭምር። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ወረፋው ላይ የደበላ ቤት ሁልጊዜ የመጨረሻ ይሁን። ከእኛ ቤት ማንም ቀድሞ እንዳይቀዳ። ወ/ሮ አስካለ ይሄ አይሆንም ብለው ተከራክረው ነበር አሉ። አባባ አልሰሙም።

ላሞቹስ አልኩት ገመቹን። ሁለቱን ይሸጣሉ አለኝ።

ደወልኩላቸው። መናገር አቃተኝ። አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ወይ አሉኝ እንደ ሁልጊዜው፣ ስለ ብርዱ አወሩ። ሊዘጉ ሲሉ፣ ውሃው ባይኖርስ አልኳቸው። ያኔ ሣሩ ይበቅላል አሉ።

ተረጋግቻለሁ። ፈርቻለሁም። ሁለቱም አብረው ይቀመጣሉ ለካ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ። ጠዋት 3፡00

ሱሉልታ። ማሽኑ ተተክሏል። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። መንደሩ ሁሉ ወጥቷል፣ ጀሪካን ይዘው የመጡም አሉ። እናቴ ከሰበታ ደውላ ኮትሽን ልበሺ ብላለች። ለብሻለሁ።

ኦቦ ጉታ እንደገና መረቁ። በዚህኛው ጊዜ ሃ ተኡ ያልኩት ከልቤ ነው።

ቀይ አፈር አለቀ። ድንጋይ ገባን።

ያው ቀን። ከሰዓት 8፡30

የማሽኑ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ከጠዋት ጀምሮ አቧራ ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ ነጭ አቧራ ሽቅብ ይተፋል፣ የሁላችንም ቅንድብ ነጭ ሆኗል። ጀሪካን የያዙት አንድ በአንድ ተቀመጡ። ቆፋሪው ወደ አባባ መጣ። እስካሁን እርጥበት መታየት ነበረበት አለ፤ ማሽኑ ሌላ ቦታ ይጠበቃል፤ አሁን ብናቆም ቀሪውን ቱቦ ይዘን ቦረቦሩ ላይ መሞከር እንችላለን፣ ከዚህ ካለፍን ግን ያው ነው፣ ምርጫ የለም።

አባባ መሬታቸውን ከሰጡ በኋላ ስለ መስኩ አንድ ቀን አላነሱም። የፈሩት ለሰው ነው። ሰው ሁሉ ይሰማል። ወደ እኔ ዞሩ። «ይብቃ መሰለኝ። እንውረድ ወደ ታች፣ አይደል ኢንተላ ኮ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አዩኝ። ወ/ሮ አስካለ አዩኝ።

ጎንበስ ብዬ ከአቧራው ክምር ስንጥር ድንጋይ ለቀምኩ። በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። የተሰበረው ፊቱ ጥቁር ነው፣ ትኩስ ስብራት። አንዱ ጎኑ ግን ዝገት የመሰለ ቡናማ ለብሷል። ሌላ ለቀምኩ። እሱም። አቧራው ማሽኑ የፈጨው ነው፤ ስንጥሩ ግን መሬት የፈጨችው አይደለም። ውሃ ድሮ ሲያልፍበት የኖረ ስንጥቅ ነው። ተቃርበናል፣ ወይም እኔ ተሳስቻለሁ። ከሁለቱ አንዱ።

«ለኪ፣ አባባ» አልኩ። አይሆንም። «አንቆምም።»

አማቴን እምቢ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ፊት። አባባ ስንጥሩን ከእጄ ወሰዱ፣ ብርሃን ላይ አገላበጡት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ቆፋሪው ዞረው ሰምተሃል፣ ቀጥል አሉት። ስንጥሩን ኪሳቸው ከተቱ።

እነሆ እየቆፈረ ነው። ቢደርቅ የእኔ ነው። ተናግሬዋለሁ፣ አልመልሰውም። የሚገርመው ቀለለኝ። ወደ ፉሪ የምመለሰው ዛሬ አይደለም፣ ለአማካሪዬ መልእክት ላክሁ፤ እስኪያልቅ ድረስ እዚሁ ነኝ፣ ከሆነም ካልሆነም ከአባባ ጎን ቆሜ አያለሁ።

ቆይ። ድምፁ ተቀየረ። ሰው ሁሉ ተነስቷል። አባባ ኮታቸውን እያውለበለቡ እየጠሩኝ ነው። አቧራው ቆሟል። አቧራ የሚቆመው ደግሞ ድንጋዩ ሲረጥብ ነው።